አንደበት ሲያዝ
(ለተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር የጻፍነው አምስት ሆነን ነው፤ የምናነበውም በየተራ ነው። አምስታችንም ስንናገር የምንንተባተብ ነን። ሊቀ መንበሩ የፈቀዱልን ግማሽ ሰዓት ስለ ሆነ፥ ለሌላ ተናጋሪ ሩብ ሰዓት የሚበቃውን ያህል ብቻ ጽፈናል። በመካከል ስንቆም ብታዩን የጠፋብን ነገር የለም፤ ቃሉን እናውቀዋለን፥ የዘገየው እርሱ ነው። እባካችሁ ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ አትጨርሱልን።

በአገራችን የሰው ክብር ከአፉ ጋር የተያያዘ ነው። በዱሮው ሥርዓት ከፍተኛው ዳኛ አፈ ንጉሥ ይባል ነበር፤ ዛሬም የምክር ቤቱ ሰብሳቢ አፈ ጉባኤ ነው። ሙግት የሚያውቅ፥ ቅኔ የሚዘርፍ፥ በሠርግና በለቅሶ ላይ ቃል የማያጥረው ሰው አንደበተ ርቱዕ ተብሎ ይመሰገናል። ለእኛ የተረፈን ስም ተብታባ ነው። ኮልታፋ የሚሉንም አሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ኮልታፋ ድምፁን አጣሞ የሚያወጣ ነው፤ እኛ ግን ድምፁ ከወጣልን በኋላ እንደ ማንም ነን፥ ችግራችን ከመነሻው ላይ ነው። አንዳንዴ የመጀመሪያውን ፊደል እንደጋግማለን፤ አንዳንዴ እንጎትተዋለን፤ አንዳንዴ ደግሞ ጉሮሮአችን ተዘግቶ ከቶ ድምፅ አይወጣንም። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ የሚያዳምጠን ሰው ዝም ያልን ይመስለዋልና።

ስለ ነገሩ የሚታወቀውን ባጭሩ እንናገር። መንተባተብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ልጁ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜው፥ ዓረፍተ ነገር መግጠም በሚለማመድበት ጊዜ ነው። ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ፥ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጡት፥ ያልፉበታል፤ አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይተዋቸዋል። ካደጉ ሰዎች ግን ከመቶው አንዱ ያህል አብሮት ይኖራል። ካደጉት መካከል አራት ወንድ ሲገኝ አንዲት ሴት ትገኛለች ይባላል፤ እኛም አምስት ስንሆን አንዲት እኅት አለችን፥ ሒሳቡ ሳናስበው ገጠመ። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል፤ አንጎል የንግግርን ጊዜ ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋርም የተያያዘ ነው። ከሰው ዓይን ወይም ከምላስ መተሳሰር የመጣ አይደለም። ምላስ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዘፈንም በታሰረ ነበር፤ ስንዘፍን ግን አንንተባተብም። ሽማግሌ ሲመርቅ ከሰው ጋር አብረን «አሜን» ስንል፥ በቅዳሴ ጊዜ ተሰጥዎውን ከሕዝቡ ጋር ስንመልስ፥ ከጎናችን የቆመው ሰው እኛን ከሌላው አይለየንም።

እንግዲህ ሺህ ተማሪ ባለበት ቦታ ሁሉ ዐሥር ያህል እንገኛለን ማለት ነው። በዚህ ግቢ ግን ተፈላልገን የተገናኘነው አምስት ብቻ ነን። የቀሩት የት ናቸው? ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ መልሱን እያወቁ እጃቸውን አያነሡም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ ነውና። እናቶቻችን ስለሚወዱን ቃላችንን ይጨርሱልናል። አባቶቻችን ስለሚያዝኑልን «ቀስ በል! ትንፋሽህን ሰብስብ!» ይሉናል። እንግዳ ሲመጣ ታላቅ እኅት በእኛ ፈንታ ትመልሳለች፤ ስልክ ሲጮኽ ታናሽ ወንድም ሮጦ ያነሣል። ይህ ሁሉ ክፋት የለበትም። ዳሩ ግን በየቀኑ ሌላ ሰው የሚናገርለት ልጅ፥ ካደገ በኋላ እንኳ የገዛ አሳቡን ለመናገር አስቀድሞ የሰው ፊት የሚያይ ይሆናል።

ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ስኳር እንዲገዛ ይላካል። ከሱቁ ሲደርስ «ስ» አልወጣ አለችው። ከኋላው ሰው ቆሟል፥ ባለሱቁም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ልጁ ጨው ገዝቶ ተመለሰ። እናቱ ተቆጡት። ነገሩ በሌላም ጊዜ፥ በሌላም ዕቃ ስለ ተደጋገመ በቤት ውስጥ ዝንጉ የሚል ስም ወጣለት። ያንን ስም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድረስ ተሸክሞት ኖረ፤ ተብታባ ከመባል ይሻለኛል ብሎ ነበርና። (ብትስቁ አንቀየምም፤ እርሱም ሲነግረን ይስቅ ነበር።)

ስለዚህ እኛን የሚጎዳን ከመንተባተቡ ይልቅ መደበቁ ነው። አማርኛ ሀብታም ቋንቋ መሆኑ ደግሞ ለመደበቅ ረድቶናል። «መምህር» እምቢ ሲል «አስተማሪ» እንላለን፤ «ረቡዕ» እምቢ ሲል «ከማክሰኞ በኋላ ባለው ቀን» እንላለን፤ ሰውም አነጋገራችን ዙሪያ ጥምጥም ነው ይለናል። በታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስላቃተን፥ ሌላ ሰው እስኪወርድ ድረስ ጠብቀን፥ ያለፍነውን መንገድ በእግራችን የተመለስንበት ቀን ስንት ነው! መተኪያ የሌለው ቃል ግን አንድ አለ፤ እርሱም የገዛ ስማችን ነው። ስሙን ተጠይቆ የሚዘገይ ሰው ሐሰተኛ ይመስላል። በጥበቃ በር ላይ ሳንጠየቅ መታወቂያችንን ቀድመን የምንዘረጋው ስለዚህ ነው።

ወላጆች ነገሩ ሲገባቸው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይመልሳሉ። በዚህ ላይ አንድ ታሪክ መታወቅ ያለበት ይመስለናል። አሜሪካን አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዌንዴል ጆንሰን የሚባል ምሁር ነበረ፤ እርሱ ራሱ ይንተባተብ ነበር። ትምህርቱም፥ መንተባተብ የሚመጣው ወላጆች የሕፃኑን ተራ መደናቀፍ ችግር ነው ብለው ሲሰይሙት ነው የሚል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. በእርሱ መሪነት በ22 የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሕፃናት ላይ ሙከራ ተደረገ። ደኅና ይናገሩ ለነበሩ ለአንዳንዶቹ አነጋገራችሁ ብልሹ ነው እየተባለ ተነገራቸው፤ ከነዚህም መናገር የሚፈሩ፥ በትምህርት ቤትም ዝም የሚሉ ወጡ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ዓ.ም. ነው። መንተባተብን ወላጅ ያመጣዋል የሚለው አሳብ ዛሬ ተጥሏል፤ እናቶቻችን ከዚህ ይረፉ። የነቀፌታ ጉዳት ግን ከነዚያ ሕፃናት ላይ በግልጽ ታይቷል።

ለብዙ ጊዜ ምኞታችን አንድ ቀን ጧት ተነሥተን እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ መናገር ነበር። ይህን ምኞት ትተነዋል። ርቱዕ ማለት በግእዝ ቀጥ ያለ ማለት ነው እንጂ ፈጣን ማለት አይደለም። ስኳር ስንፈልግ ቢዘገይም ቢደጋገምም ስኳር ማለት፥ ለእኛ ቀጥ ያለ ንግግር እርሱ ነው። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሞያዎች በጣም ጥቂት ስለ ሆኑ፥ የጀመርነው ከመጻሕፍት ነው። የተከተልነውም ቻርልስ ቫን ራይፐር የሚባል፥ ራሱም የሚንተባተብ የነበረ አሜሪካዊ መምህር (1905–1994) ያወጣውን ዘዴ ነው። መጀመሪያ፥ ከተንተባተቡ በኋላ ቆም ብሎ ያንኑ ቃል በዝግታ ደግሞ ማለት ነው። ይህ ሲለመድ፥ ገና በመንተባተቡ መካከል ሳሉ ውጥረቱን አላልቶ ቃሉን ማውጣት ይሞከራል። በመጨረሻም አስቸጋሪው ቃል ሲመጣ አስቀድሞ ከንፈርንና ጉሮሮን አላልቶ መጀመር ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ብቻ ለመልመድ አንድ መንፈቀ ዓመት ፈጅቶብናል፤ የፈተና ሰሞን ደግሞ የተማርነው ሁሉ ይጠፋል።

ከሁሉ የጠቀመን ሆነ ብሎ መንተባተብ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ከስድስት ኪሎ ታክሲ እንሳፈርና «ወ-ወ-ወራጅ» እንላለን፥ ቃሉ በደኅና ቢመጣልን እንኳ። መጀመሪያ ላይ ፊታችን ይቀላ ነበር፤ ዛሬ ረዳቱ «እሺ፥ ጫፍ ይዞ!» ከማለት በቀር ምንም እንደማይለን አውቀናል። የምንፈራው ነገር በእጃችን ሲገባ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

በቤትም አንድ ነገር ሞክረናል። ከመካከላችን የእኅታችን ቤተ ሰብ ቡና ሲፈላ አንድ ውል ገብተዋል። በአቦሉ ጊዜ ማንም እንደ ልቡ ይጫወታል። ቶናው ሲቀዳ ግን ተራው የእርስዋ ነው፤ የሚያቋርጣት፥ ቃልዋን የሚጨርስላት፥ «ቀስ በይ» የሚላት የለም። አባትዋ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲኒውን እያዩ በጭንቅ እንዳሳለፉት ነግራናለች። በሁለተኛው ወር ግን፥ ልጃቸው ስለ ፖለቲካ ከእርሳቸው የተለየ አሳብ እንዳላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ በረካው እስኪያልቅ ይከራከራሉ፤ ውሉን የሚያፈርሱትም እርሳቸው ናቸው። መንተባተብዋ አልጠፋም።

ፊልሙን ያየ ሁሉ ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ስለ ጆርጅ ስድስተኛ ይነግረናል። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ንጉሡ ከአስተማሪው ከላይኔል ሎግ ጋር መሥራት የጀመረው በ1926 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1939 ዓ.ም. የጦርነቱን መጀመር በራዲዮ ሲያስታውቅ ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፎት፥ ሎግም አሁንም ከአጠገቡ ነበር። የተቀረጸውን የሚሰማ ሰው በየቃሉ መካከል ያለውን ፋታ ይሰማል።

ስለ ወደፊቱ አሳባችንም ትጠይቁን ይሆናል። ከእኛ አንዱ የትምህርት ክፍሉን የመረጠው ንግግር የማይበዛበት የትኛው ነው ብሎ ነው፤ ሒሳቡን ይወደዋል፥ ነገር ግን ሕግ መማር ይፈልግ ነበር፥ ይህን ሲነግረን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ሌላው አስተማሪ ሊሆን ነው። ሦስተኛው ትዳር ይዞ መኖር ብቻ ይበቃኛል ይላል፤ ልጅቱን የሚጠይቁለት ሽማግሌዎች ስለ ሆኑ፥ ይህ ልማድ ለተብታባ ሲባል የወጣ ነው ብሎ ያምናል።

መምህሮቻችንን የምንለምነው ጥቂት ነው። በክፍል ፊት ጽሑፍ ስናቀርብ ነፃ አታውጡን፤ አዝናችሁ «አንተ ቁጭ በል» ስትሉን ያ ያሳዘናችሁ ነገር ይበረታል። ጊዜ ግን ጨምሩልን። ማርኩ ሲከፋፈል «በአነጋገር ቅልጥፍና» ተብሎ የሚያዘው ነጥብ ለእኛ ጥራትና ቅደም ተከተል ተብሎ ቢታይልን እንወዳለን። ስም ሲጠራ «አቤት» በማለት ፈንታ እጅ ማንሣት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ በሚለው ላይ እኛው አልተስማማንም። ሦስታችን ይፈቀድ እንላለን፤ ሁለቱ ግን መደበቂያ ይሆነናል ይላሉ። ስለዚህ እርሱን ለየተማሪው ምርጫ እንድትተዉት እንጠይቃለን።

ከኋላ ወንበር ላሉት፤ ዘወትር ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል እንሰበሰባለን። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ስማችሁን አንጠይቅም፤ ሲመጣላችሁ ትነግሩናላችሁ።