ወሰን የማያውቅ ኃይል፣ ወሰን ያለው ሥልጣን



በፌዴራላዊ ሥርዓት ሥልጣን በማዕከላዊው መንግሥትና በክፍለ ግዛቶች መካከል ሲከፈል፣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው የበለጠውን ድርሻ ማን ያዘ በሚለው ላይ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ባለቤት አጥቶ የሚቀረው ሥራ ከዚያ የባሰ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ለዚህም የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የኤሌክትሪክ አስተዳደር ታሪክ ግልጽ ምስክር ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለብሔራዊው ምክር ቤት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ ደግሞ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠውንና ለክፍለ ግዛቶች ያልተከለከለውን ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶች ወይም ለሕዝቡ ጠብቆ አኑሯል። መስመሮች ወሰን መሻገር ሲጀምሩ ይህ ክፍፍል ተፈተነ። የሮድ አይላንድ ኩባንያ ኃይሉን በማሳቹሴትስ ለምትገኘው ለአትልቦሮ ከተማ አከፋፋይ ይሸጥ ነበር። የሮድ አይላንድ ኮሚሽን ዋጋው ከፍ እንዲል ቢወስንም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 በዚህ ሽያጭ ላይ ክፍለ ግዛቱ ሥልጣን የለውም ሲል ፈረደ። የሚቆጣጠረው የፌዴራል ሕግም ስላልነበረ ዋጋው ተቆጣጣሪ አጣ። ክፍተቱን የደፈነው የ1935ቱ የፌዴራል ኃይል ሕግ ነው። ሕጉ ወሰን ተሻጋሪውን ማስተላለፊያና የጅምላ ሽያጭ ለፌዴራሉ ኮሚሽን፣ ማመንጫውን፣ ማከፋፈያውንና የችርቻሮ ሽያጩን በአብዛኛው ለክፍለ ግዛቶች አደለ።

ቴክሳስ ግን አብዛኛውን የኤሌክትሪክ መረቧን ከጎረቤቶቿ ነጥላ በማቆየቷ፣ የጅምላ ገበያዋ ከፌዴራሉ ኮሚሽን የዋጋ ቁጥጥር ውጭ ሆነ። በ2011 ማመንጫዎች በብርድ ምክንያት ከቆሙ በኋላ፣ የፌዴራል መርማሪዎች መሣሪያዎቹ ለክረምት እንዲዘጋጁ መከሩ። ምክሩን የፌዴራሉም ሆነ የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣን አስገዳጅ ደንብ አላደረገውም።

በፌብሩዋሪ 2021 ከባድ ብርድ ሲመጣ ማመንጫዎችና የጋዝ መሣሪያዎች ቆሙ። በ60 ኸርዝ የሚሠራው መረብ ከ59.4 በታች ወርዶ 4 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ቆየ፤ 9 ደቂቃ ቢሞላ ኖሮ ተጨማሪ ማመንጫዎች ራሳቸውን አቋርጠው መረቡ በሙሉ ሊወድቅ ይችል ነበር። ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ኃይል ተቋረጠባቸው። በክፍለ ግዛቱ ይፋዊ ቆጠራ መሠረት በማዕበሉ ምክንያት 246 ሰዎች ሞቱ። ከምዕራቡ መረብ ጋር የተገናኘችውና ከ2011 በኋላ መሣሪያዎቿን ለብርድ ያዘጋጀችው ኤል ፓሶ በአብዛኛው ከጉዳቱ ዳነች። በሰሜን ያሉት ጎረቤቶችም በዚያው ሳምንት ኃይል ለማቋረጥ ስለተገደዱ፣ መስመር መዘርጋት ብቻውን መፍትሔ ነው ማለት አይቻልም። የክፍለ ግዛቱ ሕግና የፌዴራሉ ደንብ የክረምቱን ዝግጅት አስገዳጅ ያደረጉት በዚያው ዓመት፣ ከጥፋቱ በኋላ ነው።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ተረቱ። የፌዴራላዊ ሥርዓት ተስፋም ይኸው ነው። ነገር ግን አንዱ ባላ ሸክሙን ሌላው ይሸከመዋል ብሎ ከጠበቀ፣ ሁለት መሆናቸው አይጠቅምም። ሁለት ተቋራጮች በሚሠሩት ሕንፃ ላይ መሐንዲሱ አስቀድሞ የሚመረምረው የድርሻዎቹን መገጣጠሚያ እንደሆነ ሁሉ፣ ሥልጣን የሚያከፋፍል ሕግም ማን ያዛል ከሚለው ጋር ማን ይጠየቃል የሚለውን አብሮ ሊወስን ይገባዋል።