ስንት ደቂቃ አለፈ?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ዶክተር፣ ስለ ሙያዎ የፈለጉትን ይናገሩ» ሲሉኝ፣ ስለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምናገረው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ግን አጠር ይበል» አሉኝ። አጠር አደርገዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጠብታ ነው። ዋርድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ ተብሎ ሲታዘዝ፣ 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆነው ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ግድም ይመጣል። ነርሷ የእጅ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች፤ ታጠብቃለች ወይም ታላላለች፤ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። በሽተኛው ክንዱን ሲያዞር ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የሚያይ ሰው የለም።

ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ግቢ የገባ፣ ኤሌክትሪካል ያጠና ጓደኛ አለኝ። የተዋወቅነው የካፌ ሰልፍ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱ ታመው ተኝተው ሳለ አስታማሚ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ ሲቆጥር አደረ። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁትና «ይሄንማ ማሽን ይቁጠረው» አለኝ። እንዲህ ተጀመረ። በጠብታው ማሰሮ ግራና ቀኝ የኢንፍራሬድ መብራትና ተቀባይ፣ ትንሽ ቺፕ፣ ባትሪ፣ አነስተኛ ስክሪን። ጠብታ ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ይቋረጣል፤ ቺፑ ይቆጥራል፤ ፍጥነቱ ከታዘዘው ሲወጣ ይጮሃል።

ጓደኛዬ «አንቺም ዝም ብለሽ አታዪም» ብሎ ማታ ማታ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተማረኝ። ቺፑ ላይ የጫንነው ሪል ታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን ዓይነት ነው። ሪል ታይም ሲባል እኔ ፈጣን ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ በተባለው ሰዓት መድረስ ማለት ነው። ፈጣን ሆኖ አንዳንዴ የሚዘገይ ሲስተም እዚህ ዋጋ የለውም።

እና ለእኔ የደረሰኝ ሥራ የሲስተም ታይመሩ ድራይቨር ሆነ። ርካሽ ስለሆነ በገዛነው ቺፕ ላይ ለምንፈልገው ቆጣሪ ዝግጁ ድራይቨር አላገኘንም፤ መጻፍ ነበረብን።

ድራይቨሩ የሚሠራው ይሄ ነው። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነል የሚሉት፣ ራሱ ሰዓት የለውም። እንደ ደከመው ኢንተርን ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል፤ ሲተኛ «ከ50 ቲክ በኋላ ቀስቅሰኝ» ብሎ ለድራይቨሩ ይነግረዋል። ቲክ የሰዓት ትርታ በሉት። ድራይቨሩ ቆጣሪው ላይ ቀጠሮ ይሞላል። ሰዓቱ ሲደርስ ቆጣሪው ኢንተራፕት ይልካል፤ ድራይቨሩ ከርነሉን ቀስቅሶ «ይህን ያህል ቲክ አለፈ» ይለዋል። በመሣሪያው ውስጥ ያለ ሁሉ፣ የጠብታው ስሌት፣ ማንቂያው፣ ስክሪኑ፣ ይህችን አንዲት ቃል አምኖ ይኖራል።

ቆጣሪያችን በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ይነዳል፤ በእጅ ሰዓታችሁ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቲካችንን የሰከንድ መቶኛ ልናደርገው አሰብን። 32,768 ለ100 ሲካፈል 327.68 ይመጣል። «327 ይሁና፣ ቅሪቷ ምን ታደርጋለች?» አልኩ። ጓደኛዬ አሰላልኝ፤ ያቺ ቅሪት በአንድ ቀን 3 ደቂቃ ያህል ትሆናለች። በሰከንድ 128 ቲክ ስናደርገው ግን እያንዳንዱ ቲክ ልክ 256 ሆነ፤ ቅሪት የለውም። እግረ መንገዱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በየካቲት 1991 ሳዑዲ አረቢያ፣ ዳህራን ላይ የሆነውን ነገረኝ። የፓትሪየት ፀረ ሚሳይል ኮምፒውተር የሰከንድ አሥረኛን በትክክል መያዝ አይችልም ነበር። ያለማቋረጥ 100 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ስህተቱ ወደ 0.34 ሰከንድ ደረሰ፤ የመጣውን ሚሳይል ሳተውና 28 ወታደሮች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቅሪት አልንቅም።

ሌላም ነገር አለ። ቆጣሪው 65,535 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በየ2 ሰከንዱ ማለት ነው። መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር። በኋላ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሦስት። ዘጠኝ ቀንስ የሚል ሰው የለም፤ ሁላችንም ዙሩን እናውቃለን። ያለፈው ንባብ 65,500፣ የአሁኑ 20 ከሆነ ያለፈው 56 ነው። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ሙሉ ዙር ሳያልፍ መንቃት አለብህ። ሁለት ዙር ተኝተህ ከነቃህ ስንት እንዳለፈ የምታውቅበት መንገድ የለም።

የመጀመሪያውን ድራይቨር ጽፌ ጨረስኩ። ሠራ! ቡና አፍልቼ ጓደኛዬን ጋበዝኩት። ማታ ከባልዲ በላይ ሰቅለነው ተኛን። ጠዋት የመሣሪያው ሰዓት ከስልኬ 11 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ተገኘ።

ስህተቱን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እኔ የጻፍኩት ድራይቨር ሲቀሰቀስ ቆጣሪውን አያነብም ነበር። ከርነሉ 50 ቲክ ብሎ ካዘዘ፣ ሲነቃ «50 አለፈ» ይላል፤ ቆጣሪውንም ከዜሮ ያስጀምራል። ስክሪኑ ሲጻፍ ኢንተራፕት ለጊዜው ይዘጋል፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ዘግይቶ ይነቃል፤ እውነተኛው ያለፈው 52 ወይም 53 ነው። እሱ ግን የታዘዘውን 50 ይናገራል። ከሁሉ የከፋው፣ የሚዋሸው ሥራ ሲበዛበት ነው። መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲሆን፣ ማለትም ትክክለኛ ሰዓት በምንፈልግበት ጊዜ፣ ወደኋላ ይቀራል።

ይሄን ስረዳ እጄ ከኪቦርዱ ላይ ቀረ። ይሄን ስህተት የማውቀው ከኮምፒውተር አይደለም።

ኢንተርን ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ዲዩቲ ነበርኩ። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት እናት ማግኒዝየም ሰልፌት ተጀምሮላታል። ታውቃላችሁ፣ መድኃኒቱ ሕይወት ያድናል፤ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ በየሰዓቱ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ትንፋሽና ሽንት ይታያል። ያን ሌሊት ሁለት ኦፕራሲዮን ገባሁ፣ አንዲት እናት ደም ፈሰሳት። የ7፣ የ8 እና የ9 ሰዓቱ አመለጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከ40 ላይ ተመልሼ ከአልጋዋ ግርጌ ቆምኩ፤ የተኛች መሰለኝ። ጉልበቷን አልነካሁም፤ ትንፋሿን አልቆጠርኩም። ሦስቱን መስመር ተመሳሳይ ቁጥር ሞላሁ፤ 7፣ 8፣ 9። ቻርቱ አማረ።

አሥር ሰዓት ላይ አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ነርስ በራሷ ፈቃድ አልጋ በአልጋ ስትዞር ጉልበቷን መታች። ምንም የለም። ትንፋሽ በደቂቃ 11። ጠራችኝ። ማግኒዝየሙን አቆምን፤ ካልሲየም ግሉኮኔት በዝግታ ሰጠን። እናትየዋ ዳነች፤ ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ከዚያ ሲስተሯ ቻርቱን ይዛ መጣች። «ይሄን አንቺ ነሽ ያየሽው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «በመዘግየትሽ አልቆጣሽም፤ የት እንደነበርሽ አውቃለሁ» አለች። «ባዶውን ብትተዪው ግን እኔ ሳልፍ አይቼ እደርስላት ነበር። ሞልተሽው ስላየሁ አልፌ ሄድኩ።»

በጠዋቱ ራውንድ ላይ አልተናገርኩም። እሷም አልተናገረችም። ያን ጊዜ ራውንዱን የመሩት መምህሬ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይቅርታ ለመጠየቅ 20 ዓመት ያህል ዘግይቻለሁ።

ድራይቨሩን ያስተካከልኩት በጥቂት መስመር ነው። ሲቀሰቀስ የታዘዘውን ትቶ ቆጣሪውን ያነባል፤ ከዚያ ላይ ያለፈውን ንባብ ይቀንሳል፤ በእውነት ያለፈውን ይናገራል፤ ቅሪት ካለች ለሚቀጥለው ያቆያል፤ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ አይመልስም። ዘግይቶ ከሆነ ዘግይቷል። ከርነሉ ያለፈውን ካወቀ የዘገየውን ማንቂያ ወዲያው ይጮሃል። በሚቀጥለው ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ በታች ሆነ።

መሣሪያው አሁንም ጠረጴዛና ባልዲ ላይ ነው፤ በሽተኛ አልነካም፤ ገና ብዙ ፍተሻ ይቀረዋል። ከባዮሜዲካልና ከኤሌክትሪካል ትምህርት ክፍል የሚያግዙን ተማሪዎች ካሉ በራችን ክፍት ነው።

ለመምህራኖቻችን ግን አንድ ልመና አለኝ። እኔ በምሠራበት ክፍል የክትትል ቻርቱን ለውጠነዋል። ሁለት ዓምድ አለው፤ «መታየት ያለበት ሰዓት» እና «የታየበት ሰዓት»። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል ነበሩ፤ ማንም አላመነንም። አንድ ቀን አንድ ኢንተርን 8 ሰዓት ላይ መታየት የነበረበትን «9፡25» ብሎ ጻፈ። ራውንድ ላይ ሁሉም እኔን አየ። «ከዚያስ ምን አገኘህ?» ብቻ አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቻርታችን አያምርም፤ ግን እናነበዋለን። ሲስተም የሚዘገይበትንም ሰዓት አወቅን፤ የሌሊት ተረኛ አንድ ሰው ጨመርን።

ልጆቻችን ዘግይተው ሲጽፉ በራውንድ ፊት አታሸማቅቋቸው። ያኔ የሚማሩት በሰዓቱ መድረስን አይደለም፤ የታዘዘውን ቁጥር መሙላትን ነው። እኔ ተምሬው ነበር።