ሁለት ባትሪ ያለው ብስክሌትና የዕቃ ቤታችን ደኅንነት



የቤንዚን ችግር ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት እንድናስብ አድርጎናል። ከእንጅባራ ዳንግላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ዳንግላ ሲወረድ አንድ ባትሪ ይበቃ ይሆናል፤ ለመመለሻው ዳገት፣ ይልቁንም ጭነት ሲኖር፣ ሁለተኛ መያዝን እንደግፋለን። የምንቃወመው ሁለቱን በገመድ አገናኝቶ በአንድነት መንዳትን ነው።

የተለመደው ባለ 48 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል፤ ሲደክም ከ42 በታች ይወርዳል። የሞላውን ከደከመው ጋር በቀጥታ ብናያይዘው፣ ውኃ ከላይኛው ጋን ወደ ታችኛው እንደሚንደረደር ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ገመዱ ይግላል፣ ባትሪውም ሊቃጠል ይችላል። አዲሱን ከአሮጌው ማጣመርም አይመከርም። ሻጩ «እኔ አገናኝላችኋለሁ» ቢላችሁ፣ ለዚሁ የተሠራ መቆጣጠሪያ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው፣ አንዱ ሲያልቅ ብስክሌቱን አጥፍቶ ሌላውን መተካት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበን ሌሊቱ ነው። ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው በመሆኑ ባትሪውን እዚያ ሰክቶ ማሳደር ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን መጻሕፍቱ፣ አልባሳቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ያሉት እዚያው ነው። የሊቲየም እሳት ጠፋ ሲባል ተመልሶ ሊነሣ ይችላል፤ ጢሱም መርዛማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባትሪ በራሱ ቻርጀር፣ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ ከሣር ክዳንና ከመውጫ በር በራቀ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ወለል ላይ ይሞላ። በዝናብ የራሰ እስኪደርቅ አይሰካ፤ ያበጠ ግን ከቶ አይሞላ። ለሁለተኛው ባትሪ በጀት ስትይዙ፣ የመሙያውን ስፍራ ወጪ አብራችሁ ያዙ።