ቁልቁል የምትንጠለጠል ዶሮ



ከደብረ ኤልያስ ገጠር ለገበያ የምትወጣ ዶሮ ብዙ ጊዜ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው የምትጓዘው። ለምደነው አይታየንም። ዶሮ ደረቷንና ሆዷን የሚለይ እንደ እኛ ያለ ግድግዳ የላትም፤ ስትዘቀዘቅ ሆድ ዕቃዋ ይጫናትና ትንፋሽ ያጥራታል። ገዝተን ስናበቃም እስከ እርድ ውኃ የምንነፍጋት አለን። ቢስሚላህ ለማለት ግን እንጠነቀቃለን!

ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ዶሮ አስረው የቀስት ዒላማ ባደረጉ ወጣቶች በኩል ሲያልፉ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን የሚያደርገውን ሰው መርገማቸውን እንደነገሩ ቡኻሪ ዘግበዋል። ድመት አስራ በረኃብ የገደለችው ሴት ታሪክም የታወቀ ነው።

ዶሮዋን በቅርጫት ወይም በብብት መያዝ ምን ያስወጣናል? ቤት ስትደርስ እግሯን ፈትተን ውኃ እናቅርብላት፤ እርዱ ይደርሳል።