ጸሎቱና የብድር መዝገቡ
(በሆሳዕና በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠን ርእስ «እምነታችንና የዕለት ተዕለት ውሳኔያችን» የሚል ነው። ሰፊ ነው። እኛ ግን አንድ ውሳኔ ብቻ ይዘን መጥተናል፤ ልጅን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ የሚጠየቅ ብድር።

ራስ አገዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንና በቲርፈንድ አማካይነት በአገራችን ሲጀመር፣ ድሃ ሴቶች ከራሳቸው ቁጠባ እንዲበዳደሩ ነበር። እኛም ሃያ ሆነን በሳምንት 5 ብር እያዋጣን ጀመርን። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ለልጇ መንገድ ብድር ጠየቀች። «ጌታ ተናግሯል፣ መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል» አለችን። ሁላችንም ዝም አልን። ጌታ ተናግሯል ከተባለ በኋላ ማን አይሆንም ይላል? መዝገብ ያዣችን እንኳ ለመጻፍ ብዕሯን አንስታ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር። በከተማችን የምናያቸው ብዙ ፎቆች ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚህ መጥተው የሰበኩ አንድ የውጭ አገር ወንጌላዊ፣ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፍት ተናግረዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። የሄዱት ወንድሞቻቸውን አስተምረዋል፣ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታም ሰጥተዋል። ይህን አንንቅም። ነገር ግን መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። የሞቱትም እናት ነበራቸው፤ እናቶቻቸውም ሳይጸልዩ የላኳቸው አይመስለንም።

ስለዚህ ብዕሩን አስቀመጥንና አንድ ሳምንት ወሰድን። በዚያ ሳምንት ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን አነበብን። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን በዕዳ ሊወስድባት ነው። ኤልሳዕ ነቢይ ነው፣ የወደደውን ቢናገር ትሰማው ነበር። እርሱ ግን ቤቷ ውስጥ ስላለው ነገር ጠየቃት። ጥቂት ዘይት ነበራት። ጎረቤቶቿ ባዶ ዕቃ አዋሷት፤ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፣ ልጆቿም ከእርሷ ጋር ቀሩ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ሁልጊዜ የሚሰበክልን ግን ተአምሩ ነው። ከተአምሩ በፊት ቆጠራ እንዳለ ያየነው ያን ቀን ነው። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ ራሱ የሰበከውን በመጻሕፍት እየመረመሩ አይተዋል፤ ተመሰገኑበት እንጂ እምነት ጎደላቸው አልተባሉም።

በሚቀጥለው ሳምንት እህታችንን ጠየቅናት። ደላላው ስንት ይላል? ልጁ መንገድ ላይ ቢያዝ ተጨማሪውን ማን ይከፍላል? የእንሰቱ ማሳ ቢሸጥ ታናናሾቹ ምን ይበላሉ? በመጨረሻ ልጁ ራሱ ምን እንደሚል ጠየቅን። የሚያሳፍረው ነገር፣ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ስናስጠራው አንገቱን ደፍቶ «እማዬን ላለማሳዘን ነው እንጂ እፈራለሁ» አለ።

የመንገዱን ብድር ከለከልን። በምትኩ ለእርሷ የቆጮ ንግድ፣ ለልጁ ብየዳ የሚማርበት ትንሽ ብድር አቀረብን። ደስ ብሏት የተቀበለች እንዳይመስላችሁ። እምነት የላችሁም ብላን ሁለት ወር ከስብሰባ ቀረች። በዚያው ወር የተነሣ የጎረቤቷ ልጅ ደግሞ በሰላም ደረሰ፤ አሁን ገንዘብ ይልካል። ይህን ስትሰማ ምን እንደተሰማት እናውቃለን፤ እኛም ሌሊት ተሳስተን ይሆን እያልን ተገላብጠናል።

በሦስተኛው ወር ተመልሳ ብድሩን ወሰደች። ልጇ ዛሬ የመስኮትና የበር ብረት ይበይዳል፤ ገቢው ጎረቤቱ ከሚልከው ጋር አይወዳደርም። እሑድ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ይዘምራል።

መተዳደሪያችን ላይ ሁለት ነገር ጨምረናል። ትልቅ ብድር በተጠየቀበት ቀን አይወሰንም፤ የሚሄደውም ልጅ ራሱ ፊታችን ቀርቦ ይናገራል። በመጪው ማክሰኞ ሦስት ጥያቄዎች አሉብን። አንዱ የመንገድ ነው፣ የጠየቀችውም ልጅቷ ራሷ ናት።