ተለያይተው የተሠሩ የድረ ገጽ አገልግሎቶችን ስለ ማጣመርና ስለ ማስማማት
(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ሲሰሙት የረቀቀ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ የራቀ አይደለም። የድረ ገጽ አገልግሎት የሚባለው፣ አንድ ፕሮግራም በሌላ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ የሚገኘውን ፕሮግራም በኢንተርኔት አማካይነት ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ስለሆነም መሐንዲሱ ሁሉን ነገር ከመነሻው ከመሥራት ይልቅ መታወቂያውን ከአንዱ፣ ክፍያውን ከሌላው ወስዶ አንድ ሥራ ያደርጋቸዋል።

ለዚህ የሚሆነው መሠረት በአገራችን የተጣለው በቅርብ ዓመታት ነው። ለገበሬው በስልክ የእርሻ ምክር የሚሰጠው የ8028 መስመር በ2006 ዓ.ም. ተከፈተ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያው ዓመትም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ።

እንግዲህ አንድ የቡሬ ገበሬ በቆሎውን ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ አስረከበ እንበል። ፕሮግራሙ የገበሬውን ማንነት በፋይዳ ያረጋግጣል፤ ሚዛኑን ይመዘግባል፤ ገንዘቡ እንዲከፈል ያዛል፤ በመጨረሻም አጭር መልእክት ይልካል። አራቱም በየራሳቸው ደኅና ይሠሩ ይሆናል። ነገር ግን ልብስ የሚተረተረው ከስፌቱ ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ የተጣመሩ አገልግሎቶችም የሚበላሹት በመገናኛቸው ላይ ነው።

የመጀመሪያው መገናኛ የዘመን አቆጣጠር ነው። ዓመቱን 12 ወር ብቻ አድርጎ የሚያውቅ ፕሮግራም ለጳጉሜን ቦታ የለውም። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 11 ሆነ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ተብሎ የተጻፈውን ርክክብ ሌላው ፕሮግራም ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

ሁለተኛው ስም ነው። የእኛ ሰው ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ነው እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። ደግሞም ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ተብሎ የተጻፈው ስም ለአንባቢ አንድ ሲሆን ለኮምፒዩተር ሦስት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ሰውን በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ማገናኘት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የክፍያው ጉዳይ ነው። የክፍያው ትእዛዝ ደርሶ ገንዘቡ ከገባ በኋላ፣ ምላሹ ሳይመለስ መስመሩ ቢቋረጥስ? ፕሮግራሙ ትእዛዙን ቢደግም ገበሬው ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል፤ ማኅበሩም ይጎዳል። አልተሳካም ብሎ ቢተወውና ክፍያው በእርግጥም ያልደረሰ ቢሆን ገበሬው ባዶ እጁን ይመለሳል። ምላሽ አልመጣም ማለት ሥራው አልተሠራም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም ቁጥር መስጠት፣ ሲጠራጠሩም በዚያው ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በዚያው ቁጥር የመጣን ሁለተኛ ትእዛዝ የክፍያው አገልግሎት እንደ አዲስ እንዳይቈጥረው አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

ይህ በእኛ አካባቢ የንድፈ ሐሳብ ክርክር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ የተነሣ ፕሮግራም እንዲህ ባለው ጊዜ ከነሥራው ይቆማል። ርክክቡን በመጋዘኑ ኮምፒዩተር መዝግቦ፣ መስመር ሲገኝ በተራ የሚልክ፣ የስልክ መስመር ባለበትም ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው የዩኤስኤስዲ መንገድ የሚጠቀም ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ከዚህ ሌላ አገልግሎቶቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። በኤክስኤምኤል መልእክት የሚሠራ ሶፕ የተባለ ሥርዓት አለ፤ ሮይ ፊልዲንግ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ ሬስት የተባለውን አቀራረብ አስረዳ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገልግሎቶች ወደዚያው ዞረዋል። ወደፊትም ሌላ ይመጣል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ የውጭ አገልግሎት በደጃፉ አንድ አስማሚ ፕሮግራም ማቆም ይገባናል። ቀን መለወጡ፣ ስም ማስተካከሉ፣ የመልእክቱን ቅርጽ መተርጐሙ ሁሉ የእርሱ ሥራ ይሁን። የውስጡ ፕሮግራም የራሱን ቋንቋ ብቻ ይናገር። ያን ጊዜ የውጭው ሲለወጥ የሚለወጠው በሩ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ሥርዓቶች ሳይግባቡ ሲቀሩ ቀኑን የሚያጣው መሐንዲሱ አይደለም። ከገጠር አህያውን ጭኖ በሌሊት የተነሣው ሰው መስኮቱ ላይ ደርሶ «ሲስተም የለም» ይባላል። ይህ ቃል የመስመሩን መቋረጥ ብቻ ሳይሆን የእኛን አሠራር ጉድለት ይናገራል። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከአገልግሎት ሰጪዎች ጋር በምንዋዋልበት ጊዜ ለውጥ ከመደረጉ በፊት የሚሰጠን የማስታወቂያ ጊዜ በጽሑፍ ይግባ። ሁለተኛ፣ የዘመን አቆጣጠርና የስም አጻጻፍ አስማሚዎችን እያንዳንዳችን ለየብቻ ከምንደክምባቸው በማኅበራችን በኩል በጋራ እንሥራቸው። ሦስተኛ፣ ክፍያው ቢዘገይ እንኳ ገበሬው የትእዛዙ ቁጥር ያለበትን የወረቀት ደረሰኝ ሳይዝ ከመጋዘኑ አይውጣ።