ከመሰካታችሁ በፊት አንብቡ



በጓደኛዬ ሠርግ ሙዚቃ አጫዋች ሆኜ የቤቴን አምፕሊፋየር ድንኳን ውስጥ አቆምኩ። ለሳሎን የሚበቃው ድምፅ ለድንኳን አነሰ። ሰዉ «ጨምር! ጨምር!» ሲለኝ ከጎረቤት ስፒከሮች ተውሼ በነበሩት መስመሮች ላይ ደረብኩ። ሙሽሮቹ ደጃፍ ሲደርሱ መሣሪያው ግሎ ጸጥ አለ። ደግነቱ እናቶች ከበሮ አነሱ፤ ሙሽሪት በእልልታና በጭብጨባ ገባች።

ጥፋቱ የማን ነው? የኔው ነዋ! ከ8 ኦም በታች እንደማይችል ከመሣሪያው ጀርባ ተጽፏል። ባለ 8 ኦም ስፒከር በሌላ ባለ 8 ላይ ጎን ለጎን ሲቀጠል ግን 4 ኦም ይሆናል። ኦሙ ሲያንስ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ መሣሪያውም ይግላል።

ማንበብ እችል ነበር፤ ግን አላነበብኩም። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነውና፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ።

ደህና አምሹ።